በፈረስ ሩጫ ስለሚደረግ ውርርድና «አዋጭ ነው» ስለሚባለው ብልሃቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር በደረሰ ጊዜ ጉሙን ገልጦ፤ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ አልፎ፤ ወዲያው የይፋትን ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን ደጋ ትቶ፤ በደብረ ሲና በኩል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ባንድ መቀመጫ ነው። አስተዋይ ሹፌር ማርሹን የሚቀንሰው መኪናው ከተንደረደረ በኋላ አይደለም፤ ገና ከላይ ሳለ ነው እንጂ። ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ ቁልቁለት እንደማይችል ያውቃልና። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ነገርም የዚህ ዓይነት ቁልቁለት ያለው ነው።

ይኸውም ውርርድ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች፤ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፤ ወጣቶች በባሕር ማዶ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ገንዘብ ሲያስይዙ፤ በመስኮት የሚታይ የሥዕል ፈረስ ሲሮጥ እያዩ ሲወራረዱ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ቀድሞ ውርርድ ቤት መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ገንዘብ በስልክ መላላክ ከተለመደ ወዲህ ውርርድ ቤቱ በኪስ ውስጥ ገብቷል። ቤቱ ቢታሸግ እንኳ ኪሱ አይታሸግም።

ስለ ቁማር ክፉነት በዐውደ ምሕረት ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን ወጣቶቹ የሚመልሱልን መልስ አለ፤ እርሱም እንዲህ የሚል ነው። «አባታችን፤ እርስዎ የሚናገሩት ስለ ሞኝ ቁማርተኛ ነው፤ እኛ ግን ብልሃቱን ተምረናል፤ በባሕር ማዶ በፈረስ ሩጫ የከበሩ ሰዎች አሉ፤ እኛም ሥርዐታቸውን እንከተላለን።» ይህን መልስ ሳንመረምር በቁጣ ብቻ ብናልፈው፤ ልጆቹ እኛ ነገሩን እንደማናውቅ ቈጥረው ትምህርታችንን ይንቁታል። ስለዚህ ብልሃት የሚሉትን አንድ በአንድ አንሥተን፤ እውነት ያለበትን እውነት ነው እያልን፤ ሐሰት ያለበትንም እየለየን እንመርምር።

፩ኛ፤ የፈረስ ክብር

አስቀድሞ፤ የሚነቀፈው ፈረሱ እንዳልሆነ ይታወቅ። ለሕዝባችን ፈረስ የክብር ባልንጀራ ነው። ነገሥታቱ ሳይቀሩ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፤ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። በጥምቀት ጊዜ የጉግስ ጨዋታ፤ በአገው ምድርም ጥር 23 ቀን በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል የፈረሰኞች ትርኢት አለ፤ ማኅበራቸውም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በእነዚህ ሁሉ ያሸነፈ ይወደሳል፤ የተሸነፈም የልጆቹን እንጀራ ሜዳ ላይ ጥሎ አይገባም።

የደጋ ገበሬ ፈረስ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፤ ሰኮናውን አንሥቶ ጤንነቱን፤ አስረግጦ አካሄዱን ይመረምራል። ይህ እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ በመጨረሻም ልጓሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተወራራጅ ግን ምን ይዞ ይመለሳል? ሩጫው ካለቀ በኋላ ፈረሱ የሌላ ሰው ነው፤ በእጁ የቀረው ወይ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ወይም ባዶ ወረቀት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሳለ እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም. በዚሁ ነገር ሕዝቡን ገሥጿል። በዚያ ሰሞን ብርቱ ዝናም እህሉን ሊያጠፋ ደርሶ ከተማው ሁሉ ምሕላ ይዞ ነበር። ጥቂት ቀን ባልሞላ ጊዜ ግን ያው ምሕላ የያዘው ሕዝብ ጌታ በተሰቀለበት ዕለት በዓርብ ወደ ፈረስ መሽቀዳደሚያው ሄዶ ሲጮኽ ዋለ። የቅዱሱ ኀዘን ፈረስ ለምን ሮጠ በማለት አልነበረም፤ ትናንት ስለ እንጀራው ያለቀሰ ልብ ዛሬ በምን እንደ ተማረከ ስላየ ነው እንጂ። ያው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ532 ዓ.ም. «ሰማያዊ» እና «አረንጓዴ» እየተባሉ ለሠረገላ ነጂዎች የሚደግፉ ወገኖች ያስነሡት ሁከት የተፈጸመበት ቦታ ነው፤ የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደ መዘገበው ከ30,000 የሚበልጥ ሰው ዐለቀ። ጨዋታ ልብን ከገዛ ጨዋታነቱ ይቀራል።

፪ኛ፤ ብልሃት የሚባሉት ሲመረመሩ

የመጀመሪያው ብልሃት «ፈረሱን እወቅ» የሚል ነው። ተወራራጆቹ ፈረሱ ባለፉት ሩጫዎች ስንተኛ እንደ ወጣ፤ የተጫነበት ክብደት ስንት እንደ ሆነ፤ ሜዳው ረጥቦ ወይም ደርቆ እንደ ሆነ፤ ጋላቢው ማን እንደ ሆነ፤ ርቀቱ ለፈረሱ የሚስማማ መሆኑን ይመረምራሉ። በእውነተኛ ፈረስ ላይ ይህ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ይህን ሁሉ ሌላውም ተወራራጅ ያነባል። ሁሉ ብርቱ ነው ያለው ፈረስ ሲያሸንፍ የሚከፈለው ዋጋ ጥቂት ይሆናል፤ ዕውቀቱ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቷልና። በሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት ነገ እንደሚወደድ ሰው ሁሉ ካወቀ ዛሬውኑ ይወደዳል፤ ከዚያ በኋላ «ዐውቄ ነበር» ማለት አያተርፍም። በመስኮት ስለሚሮጠው የሥዕል ፈረስ ግን ብልሃት ማውጣት ከናካቴው ሞኝነት ነው። ያ ፈረስ ጥርስም ሰኮናም የለውም፤ የኮምፒውተር ቍጥር የሚነዳው ጥላ ነው፤ ቀመሩንም ያዘጋጀው ገንዘቡን የሚቀበልህ ወገን ነው።

ሁለተኛው ብልሃት የሊቆቻቸው ብልሃት ነው፤ «አሸናፊውን አትፈልግ፤ ከሚገባው በላይ የሚከፈልበትን ፈልግ» ይላል። ይህ ቃል በሒሳብ እውነት ነው። ከአራት ሩጫ አንዱን የሚያሸንፍ ፈረስ በአንድ ብር አምስት ብር ቢከፈልበት ያተርፋል፤ ሦስት ብር ቢከፈልበት ያከስራል፤ አራት ብር ቢከፈልበት ሁሉ እኩል ነው። ነገር ግን መካከለኛ አለ። በ19ኛው ምእት ዓመት በፓሪስ ዮሴፍ ኦሌር የተባለ ሰው ያወጣውና ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ሥርዐት እንዲህ ነው፤ የተወራራጆቹ ገንዘብ ሁሉ ባንድ ቋት ይከማቻል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ድርሻውን ያነሣል፤ የተረፈው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ያ ድርሻ እንደየአገሩና እንደ ውርርዱ ዓይነት ከ100 ብር ከ15 እስከ 25 ብር ይደርሳል። ዋጋውን አስቀድሞ የሚቈርጠው ውርርድ ቤትም ትርፉን በዋጋው ውስጥ ሰውሮ ያስቀምጣል።

እንግዲህ 20 ብር የሚነሣበትን እንውሰድ። 100 ብር ይዞ የገባ ሰው፤ የተመለሰለትን እንደ ገና እያስያዘ፤ ዐሥር ጊዜ ቢወራረድ በአማካይ የሚቀረው 10 ብር ከ74 ሳንቲም ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ማንም አላታለለውም፤ ጆንያው ግን ከሥሩ ቀዳዳ ነበረው። በዚህ ቀዳዳ ላይ ለማትረፍ ከሌሎቹ ተወራራጆች መብለጥ አይበቃም፤ ቀዳዳው ከሚያፈሰውም ጭምር መብለጥ ያስፈልጋል።

«በባሕር ማዶ የከበሩ አሉ» መባሉም ሐሰት አይደለም። ቢል ቤንተር የሚባል አሜሪካዊ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሆንግ ኮንግ የፈረስ ሩጫ በኮምፒውተር ቀመር እጅግ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ፈረስ እጅግ ብዙ መለኪያ እያገባ፤ ባለሙያዎችን ቀጥሮ፤ መጀመሪያ ላይ ለዓመታት ገንዘብ እያጣ፤ ብዙ ካፒታል ይዞ የሠራው ሥራ ነው። ያም ሰው ቢሆን ገንዘቡን ያገኘው ከፈረሱ አይደለም፤ ቀመር ከሌላቸው ከሌሎቹ ተወራራጆች ነው። እንግዲህ በሸዋ ሮቢት ሆኖ በስልኩ የሚወራረድ ልጅ ራሱን ከቤንተር ጋራ ቢያስተካክል፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ የእርሱ ቦታ የትኛው እንደ ሆነ ይመርምር፤ የከበረው ሰው ቦታ ነውን? ወይስ ያከበሩት ሰዎች ቦታ?

ሦስተኛው ብልሃት ስለ መደብ ልክ ነው። አንዳንዶች «በተበላህ ቍጥር እጥፍ አስይዝ፤ አንድ ቀን ይመለሳል» ይላሉ። ሒሳቡን እንየው። በ10 ብር የጀመረ ሰው ስምንት ጊዜ ተከታትሎ ቢበላ፤ 10፤ 20፤ 40፤ 80፤ 160፤ 320፤ 640፤ 1,280፤ ድምሩ 2,550 ብር አውጥቷል። ዘጠነኛውን ለመቀጠል ደግሞ ሌላ 2,560 ብር ያስፈልገዋል፤ ቢቀናው የሚያተርፈው ግን ያችኑ 10 ብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት ኳሷ በጥቍሩ ላይ 26 ጊዜ ተከታትላ ወደቀች፤ «እንግዲህስ የቀዩ ተራ ነው» እያሉ ያስያዙት ሰዎች ብዙ ገንዘብ አጡ። ኳስ ያለፈውን አታስታውስም፤ ዕጣም ዕዳ የለበትም።

ከዚህ የተሻለውን ልክ ጆን ኬሊ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በቀመር አውጥቶታል፤ ተወራራጆችም እንደ ትልቅ ምስጢር ያነሡታል። ቀመሩ ብልጫህን በሚከፈልህ ትርፍ አካፍለህ ከገንዘብህ ያን ያህል እጅ ብቻ አስይዝ ይላል። በአንድ ብር አራት ብር በሚያተርፍ ፈረስ ላይ፤ የማሸነፍ ዕድሉ በእውነት ከአራት አንድ ከሆነ፤ ከ100 ብር 6 ብር ከ25 ሳንቲም አስይዝ ማለት ነው። ዕድሉ ከአምስት አንድ ከሆነ ግን መልሱ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ካነሰም ከዜሮ በታች ነው። ይህን ልብ በሉ። ብልጫ ለሌለው ሰው የተወራራጆቹ ሊቅ ራሱ የሚሰጠው ምክር «ምንም አታስይዝ» የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን በተግሣጽ የምትናገረውን ቀመሩ በቍጥር ተናገረው።

አራተኛው፤ ብዙ ውጤት በአንድ ወረቀት መቈለል ነው፤ ወጣቶቹን እጅግ የሚማርካቸው ይህ ነው፤ በጥቂት ብር ብዙ ብር ያሳያልና። ሊሆንም ላይሆንም እኩል ዕድል ያለው ነገር በአንድ ብር ሁለት ብር ሊከፈልበት ሲገባ 1 ብር ከ80 ይከፈልበታል እንበል። አምስቱ በተቈለሉ ጊዜ በ10 ብር የሚገባው 320 ብር ነበር፤ የሚከፈለው ግን 189 ብር ያህል ነው። በአንዱ ላይ ትንሽ የነበረው ቀዳዳ በአምስቱ ተባዝቶ አራት እጁን ከዐሥር ወሰደ። ልጁ ግን «በ10 ብር 189 ብር» የሚለውን ብቻ ያያል፤ አራቱ ደርሰው አንዱ ብቻ የቀረ ዕለትም «ለጥቂት አመለጠኝ» ብሎ በማግሥቱ ይመለሳል። ለጥቂት ያመለጠና ከሩቅ ያመለጠ በኪሱ አንድ መሆናቸውን አያስተውልም።

አምስተኛው «ልብህን ግዛ» የሚለው ነው። ታገሥ፤ በተበላህ ጊዜ በቍጣ አትከተል፤ ጠጥተህ አትወራረድ፤ ልክህን አስቀድመህ ወስን፤ ያስያዝኸውንና ያገኘኸውን ሁሉ ጻፍ ይላሉ። እነዚህን ቃላት በሰማን ጊዜ ተደነቅን፤ ትዕግሥት፤ ራስን መግዛት፤ መጠን ማወቅ፤ ራስን መመርመር፤ እነዚህ አባቶቻችን በገዳም የሚያስተምሯቸው ምግባራት ናቸውና! ምግባሩ መልካም ነው፤ የተዘራበት መሬት ግን ድንጋይ ነው። ይህን ያህል ትዕግሥትና ይህን ያህል የሒሳብ ጥንቃቄ ያለው ወጣት በይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ቢያለማበት፤ ሱቅ ቢከፍትበት፤ የእጅ ሙያ ቢማርበት ምን ያህል ፍሬ ባፈራ ነበር!

ሆኖም ከአምስቱ ምክር አንዱን እኛም እንቀበለዋለን፤ እርሱም «ጻፍ» የሚለው ነው። «አተርፋለሁ» የሚል ሁሉ ሦስት ወር ያህል የገባውንና የወጣውን አንድም ሳያስቀር ይጻፍ። ሰው ያሸነፈበትን ቀን ለጓደኛው ይናገራል፤ የተበላበትን ቀን ግን ከራሱ እንኳ ይደብቃል። በእውነት የተጻፈ ደብተር እንደ ንስሐ ነው፤ የተሰወረውን ያወጣልና።

፫ኛ፤ «ገበሬውስ አይወራረድምን?»

አንድ ብርቱ ጥያቄ ይቀራል። «የቀወት ገበሬ ሽንኩርት ሲተክል ዋጋው ይውጣ ይውረድ አያውቅም፤ ዝናሙም በእጁ አይደለም፤ እንግዲህ የእርሱ ሥራና የኛ ውርርድ በምን ይለያል?» ይላሉ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

የሚለያየው በፍርሃቱ አይደለም፤ ሁለቱም ነገን አያውቁትም። የሚለያየው በፍሬው ነው። ገበሬው ቢያተርፍም ባያተርፍም በምድር ላይ ትናንት ያልነበረ ሽንኩርት ዛሬ አለ፤ የበላውም ሰው ጠግቧል። ጎረቤቱ ቢያገኝ እርሱ ያጣል የሚል ሕግ በመካከላቸው የለም፤ ዝናም ሲዘንም ለሁለቱም ይዘንማል። በውርርድ ግን አዲስ የሚፈጠር አንዲት ፍሬ የለም፤ ያለው ገንዘብ ብቻ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል፤ ሲዞርም ይቀንሳል። ስለዚህ የአንዱ ደስታ ያለ ሌላው ኀዘን አይገኝም።

፬ኛ፤ ዕጣ ሁሉ አንድ አይደለም

ደግሞም «ዕጣ በመጽሐፍ ቅዱስ አለ» ይሉናል። አዎን፤ አለ። ኢያሱ ምድረ ርስትን ለነገድ በዕጣ አካፍሏል፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ ለይተዋል። የኛ ዕቁብም በዕጣ ይወጣል። ነገር ግን በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የጣለውን ያህል ይቀበላል፤ ማንም ጥሎ ባዶ እጁን አይሄድም። እንዲህ ያለው ዕጣ አድልዎን ያስቀራል፤ ፍቅርን ይጠብቃል።

ሌላ ዕጣ ግን አለ። በቀራንዮ ጭፍሮች በጌታ ቀሚስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ። ስለ ምን? ያለ ስፌት የተሠራ ነበርና ቢቀድዱት ለማንም አይጠቅምምና ነው። አንድም፤ ያልደከሙበትን ልብስ ለመውሰድ ነው። አንድም፤ የልብሱ ባለቤት በላያቸው ተሰቅሎ ደሙ ሲፈስ ቀና ብለው ላለማየት ነው። እነሆ የውርርድ ዕጣ ከሁለቱ ከየትኛው ይመደባል? አሸናፊ የሚቀበለው እያንዳንዱ ብር ባለቤት ነበረው። ምናልባት የቀን ሠራተኛ ደሞዝ ነበር፤ ምናልባት እናት ለዕቁብ ያስቀመጠችው ነበር፤ ምናልባት የልጅ ደብተር መግዣ ነበር። አሸናፊው ባለቤቱን አያውቀውም፤ ስልኩ ሰውሮታል። የቀራንዮ ጭፍሮችስ ቢያንስ ቀና ቢሉ ያዩት ነበር።

ስለዚህ ነው ሐዋርያት በቀኖናቸው በቁማርና በስካር የሚጸና ጳጳስ፤ ቄስ፤ ዲያቆን ቢገኝ እንዲተው፤ ካልተወም ከሹመቱ እንዲሻር፤ ምእመንም ቢሆን እንዲለይ ያዘዙት። «ሕግ ፈቅዶታል» የሚል ቢኖርም፤ በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንግሥት የዕድል ጨዋታን በፈቃድና በሥርዐት እንዲመራ መደረጉ እውነት ነው። ነገር ግን ፈቃድ ማለት ቡራኬ ማለት አይደለም፤ የተፈቀደ ሁሉ እንደማይጠቅም ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሯል።

፭ኛ፤ ስለ ስዕለትና ስለ ቶምቦላ

አሁን ወደ ራሳችን ቅጥር እንግባ። አንዳንድ ተወራራጅ «ይህ ከደረሰልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብሎ ለታቦት ይሳላል። እንዲህ የተሳለ ሰው ቅዱሱን በውርርዱ ተካፋይ ሊያደርገው መሞከሩን ሊያውቅ ይገባል። ቢደርስለት የሌላው ልመና እንዲከሽፍ መለመኑ ነው፤ ባይደርስለትም በቅዱሱ ሊያዝን ነው። በኦሪት ዘዳግም ከነውር የተገኘ ዋጋ ለስዕለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ታዟል። ካህን ይህን በሰማ ጊዜ ሰውየውን በፍቅር መክሮ፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ወደ ቤቱና ወደ ባለዕዳዎቹ ሊመልሰው ይገባል እንጂ ጃንጥላውን በእልልታ ሊቀበል አይገባም።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። በልዩ ልዩ ቦታ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች መኪና ወይም ቴሌቪዥን ለዕጣ አቅርበው የቶምቦላ ትኬት በበዓል ቀን ሲሸጡ ይታያል። የሚሟገቱላቸው ሰዎች ምክንያት ቀላል አይደለም። በጦርነትና በኑሮ ውድነት የተጎዳ አገር ነው፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደብረ ሲናና እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱ የቅርብ ትዝታ ነው፤ ጣሪያው ያልተከደነ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ገዢውም «ባይወጣልኝ ለቤተ እግዚአብሔር ነው» ብሎ ይገዛልና ምጽዋት ነው ይላሉ። በእርግጥ ገዢው እንዲህ ካሰበ ለእርሱ ምጽዋት ይቈጠርለታል።

ነገር ግን እኛ የምንፈራው ለሚያየው ልጅ ነው። ሰባኪው በዐውደ ምሕረት ቁማርን ገሥጾ እንዳበቃ፤ በዚያው ድምፅ ማጉያ «የዛሬ ባለ ዕድል መኪና ይወስዳል» ቢባል፤ ልጁ ከሁለቱ ስብከት የትኛውን ይዞ ይሄዳል? ምጽዋት የሚሰጥ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ትኬት የሚገዛ ሰው ግን አንድ እጁን ዘርግቶ በሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ ሰበካ ጉባኤያት ይህን ልማድ በጸጥታ እንዲመረምሩት፤ ጣሪያውም ቢዘገይ በግልጽ ምጽዋት፤ በዐሥራትና በጉልበት እንዲከደን እንለምናለን። የዘገየ ጣሪያ ይደርሳል፤ የተሰናከለ ልጅ ግን ለመመለስ ብዙ ዘመን ይወስዳል።

፮ኛ፤ ምን እናድርግ?

ለነፍስ አባቶች፤ በውርርድ የተያዘ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ስግደትና ጾም ብቻ አዝዛችሁ አታሰናብቱት። ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ የመለሰው ገንዘብ ነበረ። የማንን ገንዘብ እንዳጠፋ፤ ስንት ዕዳ እንዳለበት ጠይቁት፤ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ የሚመልስበትን ሥርዐት አብራችሁት ሥሩ። በዕዳ ተጨንቆ ስለ ሞት የሚናገር ካለ ለአፍታም ብቻውን አትተዉት፤ ዘመዶቹን ጥሩ፤ ወደ ሐኪምም አድርሱት።

ለወላጆችና ለትዳር ጓደኞች፤ ስድብ ምስጢርን ያበዛል እንጂ አያስተውም። ዕዳውን ባንድ ጊዜ ከፍላችሁ አትገላግሉት፤ እንደ ገና ሊጀምር ይችላልና። ይልቁንም እርሱ ራሱ ፈቅዶ ደሞዙ ለጊዜው በእናንተ እጅ እንዲገባ፤ የውርርድ ሒሳቡንም ከስልኩ እንዲያጠፋ ተስማሙ።

ለእናንተ ለወጣቶች፤ እኛ ሥራ ማጣታችሁን አናቃልልም። ተስፋ የሚሸጥ ሰው በርካሽ የሚሸጠው ተስፋ ባነሰበት ገበያ እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የተሸጠላችሁ ነገር ተስፋ አይደለም፤ የተስፋ ጥላ ነው። ያልጀመራችሁ አትጀምሩ፤ ማርሽ የሚቀነሰው ከላይ ነውና። የጀመራችሁም ዛሬ ቁሙ፤ «የጠፋውን ልመልስና አቆማለሁ» አትበሉ። የጠፋው ጠፍቷል፤ እርሱን ተከትሎ የሚጠፋውን ግን ማዳን ትችላላችሁ። ከሦስት ከአራት ጓደኛ ጋር ትንሽ ዕቁብ ጀምሩ፤ ለውርርድ ይወጣ የነበረውን ያንኑ ገንዘብ በየሳምንቱ ጣሉበት። በዓመቱ በደብተር የተጻፈውን ከቀድሞው ደብተር ጋር አስተያዩት፤ ያን ጊዜ አዋጭ ብልሃት የትኛው እንደ ሆነ ከእኛ ትምህርት ይልቅ ቍጥሩ ይነግራችኋል።

ፈረስ ለጦርነት ቀን ይዘጋጃል፤ ድል ግን ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሮናል። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሩጫ ሲናገር በሌላው ሩጫ ላይ ገንዘብ ስለሚያስይዝ ተመልካች አልነገረንም፤ ራሱ ስለሚሮጥ ሰው ነገረን እንጂ። በዓለም ሩጫ ብዙዎች ሮጠው አንዱ ብቻ ዋጋውን ይወስዳል፤ በመንግሥተ ሰማያት ሩጫ ግን የአንዱ አክሊል የሌላውን አያጐድልም፤ እስከ ፍጻሜ የሮጠ ሁሉ ይቀበላል። በዚህ ሩጫ ተመልካች ሆነን እንዳንቀር አምላከ ቅዱሳን ይርዳን፤ የወጣቶቻችንን ልብ ከከንቱ ተስፋ ይመልስልን፤ የእጃቸውንም ሥራ ይባርክላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።